የጋሽ አራጋው ስድስት ቁጥሮች

ጥቅምት 22

ይህ ደብተር የመምህር አለምነው ነው። የሰው ደብተር ከፍቶ የሚያነብ ሰው ምን ተብሎ እንደሚጠራ «የመረጃ ደህንነት» በሚለው ምዕራፍ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ በዝርዝር አስተምሬያለሁና እዚህ ስድቡን አልደግምም።

ከትናንት በስቲያ አከራዬ ጋሽ አራጋው ዐረፉ። የሰፈራችን ቅሬ፣ ማለትም በሕይወት እያለህ የሚጨቀጭቅህ፣ ስትሞት የሚቀብርህ ማኅበር፣ ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት። ጎህ ሲቀድ በየማዕዘኑ ቆመው ሁለት ጊዜ ይነፋሉ፤ ከዚያ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብለው የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራሉ። በከተማችን በመካነ ሰላም እሳቸው ስሙን ካልጠሩት ሰውዬው ገና አልሞተም ማለት ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ጋሽ አራጋው ራሳቸው አልሞቱም።

ጡሩምባውን ጎረቤታችን ዋለ አነሣና ነፋ። ጉንፋን የያዘው በግ ይመስል ነበር። ሴቶቹ «ጡሩምባው እንኳ አለቀሰለት!» ብለው ባሰባቸው። እኔ አላለቀስኩም። የመቃብሩ አፈር ደረቅ ነው፤ አቧራ ይበዛዋል።

ጥቅምት 25

ልጻፈውና ይውጣልኝ። ስልካቸው ተቆልፏል።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ክረምት ላይ ለቅሬው አባላት በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ሥልጠና ሰጥቼ ነበር። በመጀመሪያው እሑድ ሃያ ሦስት ሰው መጣ። በሁለተኛው ዘጠኝ። በሦስተኛው ጋሽ አራጋው ብቻ፣ ደብተር ይዘው፣ እስክሪብቶ ጆሯቸው ላይ ሰክተው። ከዚያ በኋላ ያሉትን እሑዶች ሁሉ ለአንድ ሰው አስተማርኩ። ፋይሉ እህሉ ነው፣ ፎልደሩ ጎተራው ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «አይጡስ?» አሉኝ። ቫይረስ የሚለውን ትምህርት እንዲህ ያለ ጥሩ መግቢያ ተሰጥቶት አያውቅም።

ሦስት ሕግ አጻፍኳቸው። አንደኛ፦ የይለፍ ቁጥር የልደት ቀን አይሁን፤ ከአንድ እስከ ስድስት መደርደርማ የጅል ነው። ሁለተኛ፦ ቁጥሩ ለማንም አይነገርም። ሦስተኛ፦ የምትወደውን ነገር ቅጂ አድርገህ ሌባ የማይነካው ሌላ ቦታ አስቀምጥ።

መስከረም ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠን «አለምነው፣ ቁጥሬን ልንገርህ። ሰው ነኝ» አሉኝ። እኔስ ምን አደረግሁ? ሁለት ጣቴን ሁለት ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። «ለማንም ብያለሁ ጋሼ! ለእኔም!» ሳቁ። «ጎበዝ አስተማሪ» አሉ። ሌላ ቀን ሞከሩ፤ ደፈንኩ። ሌላ ቀን ደግሞ ሞከሩ።

ሦስት ጊዜ። ዶሮ እንኳን አልጮኸም።

ጥቅምት 27

አራት ሙከራ አለቀ። ሁለቱ የእኔ፣ ሁለቱ የባለቤታቸው የእትዬ በዛች። የልደታቸው፣ የሠርጋቸው፣ የቤቱ፣ የበሬው። (የበሬው መግዣ ቀን! እትዬ «በሬውን ከእኔ አስበልጦ ይወደው ነበር» አሉ።) አልተከፈተም።

አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ራሱን ጠርጎ ያጠፋል። ይህን ማን አበራው? እኔ። ለምን? ለማሳያ።

ደወለ። ክፍል ልገባ ነው።

ጥቅምት 28

ዛሬ አርብ ነው፤ ሰብሌ የምትደውልበት ቀን። አንድ ልጃቸው ናት። ጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች፤ አሠሪዎቿ በሳምንት አንድ ቀን ያስደውሏታል።

ሰብሌ አባቷ መሞቱን አታውቅም።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ጎህ ሳይቀድ ከቤቷ ሄዶ፣ ከብቧት፣ ይዟት ነው የሚነግራት። ሰብሌ እዚያ ቤት የላትም። ሽማግሌም የላትም። ስለዚህ ስልኩ ሲጮህ (ለማንሣት ቁጥር አይጠይቅም፤ ለቴክኖሎጂ ምስጋና ይግባውና) እትዬ በዛች አነሡና «ወረኢሉ ሄዷል፣ ዘመድ ጥየቃ» አሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ስልኩን ካስቀመጡ በኋላ ግን ሊቀመጡበት ያሰቡትን ዱካ፣ በርጩማቸውን፣ ስተው መሬት ተቀመጡ።

ከዚያ ነገሩኝ። «ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት እኔን ከቤት አስወጥቶ ለሰብሌ ድምፅ ሲቀዳ ነበር። ለዚያ ጊዜ ነው አለኝ። አለሜ፣ የሁሉን ሰው ሞት የተናገረው እሱ ነው። የሱን ሞት ሌላ ሰው ቢነግራት ታምናለች?»

ኅዳር 29 ተዝካሩ ነው። ልጅ ሳትረዳ ተዝካር አይወጣም። ስልኩ ከዚያ በፊት መከፈት አለበት።

ጥቅምት 30

የቅሬው ስብሰባ። ዳኛው አቶ ውበቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አጀንዳ አስያዙ፦ «የአባላችንን የአራጋውን ስልክ ስለመክፈት።»

«ቁጥር ያለው እጁን ያውጣ።»

«ቅሬው የተመሠረተበት ቀን ነው» አለ አንዱ።

«የለም፣ ጡሩምባውን የተረከበበት ነው» አለ ዋለ።

«እንግዲህ ድምፅ እንስጥ» አሉ አቶ ውበቱ። ተነሥቼ ስልክ በድምፅ ብልጫ እንደማይገዛ በትሕትና አስረዳሁ። አሥራ አራት ለአሥራ አንድ፣ በሦስት ድምፀ ተአቅቦ የቅሬው ምሥረታ አሸነፈ። ስልኩ ውሳኔውን አልተቀበለም። የተሸነፉት ወገኖች ቅሬታ አቀረቡና የእነሱም ተሞከረ። ከዚያ የማስታረቂያ ቁጥር ተባለና የሁለቱ ተደባለቀ።

ሰባት።

ስብሰባው ሳይበተን አቶ ውበቱ አዲስ ደንብ አቀረቡ፤ ማንኛውም አባል የስልኩን ቁጥር በቅሬው መዝገብ ያስመዘግብ። ዘልዬ ተነሣሁ። «ይህ የመረጃ ደህንነትን መሠረታዊ መርሕ…»

ከኋላ አንዲት እናት «አንተ ልጅ፣ አሁንም ደህንነት ትላለህ?» አሉኝ።

ተቀመጥኩ።

ኅዳር 5

አርብ። ሰብሌ ደወለች። እትዬ፦ «ጉሮሮው ታሟል፣ አይናገርም።» ሰብሌ፦ «ታዲያ ያዳምጠኛ! አጠገቡ አድርጊው።» እትዬ ስልኩን የጋሽ አራጋው ጋቢ ላይ አስቀመጡት። ልጅቷ ለጋቢው አምስት ደቂቃ አወራች። ስለ ሙቀቱ፣ አሠሪዋ ስለገዙት ድመት። በመጨረሻ «አብሽር አባዬ፣ ይሻልሃል» አለች።

እኔ ውጭ ወጥቼ ብስክሌቴን ጠገንኩ። ብስክሌት የለኝም።

ኅዳር 8

አደጋ።

አሥረኛ «ለ» ክፍል፣ እንቁ የምትባል ተማሪ የቀብሩን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፋለች። ጥሩ ፎቶ ነው፤ ብርሃኑ፣ አቀማመጡ፣ ሁሉም እንዳስተማርኩት። ሰባት መቶ ሰው «ወዶታል»። ቀብር ይወደዳል?

ጠራኋት። «ዲጂታል ሚዲያ ምን ብለን ነበር እንቁ?»

«አንዴ ከወጣ አይመለስም።»

«ታዲያ?»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ እሳቸውን ስለምወዳቸው ነው። እኔ ስወለድ እንኳ ሳይቀር በጡሩምባ የተናገሩልኝ እሳቸው ናቸው፤ አባቴ ለምኗቸው።» እያለቀሰች አጠፋችው። ልቆጣት ነበር የጠራኋት፤ ማስቲካ ሰጥቼ ሸኘኋት። ፎቶው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ዓለምን ዞሯል።

ኅዳር 11

ዋለ ጡሩምባውን ይዞ መጣ። «መምህር፣ እስቲ እየው። ከጋሽ አራጋው ወዲህ ይንፈቀፈቃል። ትናንት አንዲት ሴትዮ ስናረዳ የሰፈር ልጅ ሁሉ ሳቀብኝ።»

«ዋለ፣ እኔ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ መምህር ነኝ። ይህ ቆርቆሮ ነው።»

«ይህስ ኢንፎርሜሽን አይደለም?»

ሥራ አለብኝ አልኩት። ስልክ እየከፈትኩ የጡሩምባ ሐኪም እሆን?

ኅዳር 12

አርብ። ዛሬ እትዬ ያሉት «ማሻ የሚባል አገር ለዘመድ እርቅ ሄዷል» ነው። ሰብሌ «እማዬ፣ ጉሮሮው የታመመ ሰው እንዴት ያስታርቃል?» አለች። መስመሩ ተቋረጠ ወይም እትዬ አቋረጡት፤ አልጠየቅሁም።

ማታ በተቆለፈው ስልክ ፊት ላይ አንድ መልእክት በራ። ቁጥር ሳይጠይቅ የመጀመሪያው መስመር ይነበባል። «አባዬ ተቀይመኸኝ ነው?»

እትዬ በዛች መቋቋም አቃታቸው። የሰብሌን ልደት አስገቡ። ከዚያ ክርስትናዋን። ዘጠኝ። አንድ ቀረች።

ኅዳር 15

የአጋማሽ ፈተና አረምኩ። ጥያቄ ሰባት፦ «የመረጃ ቅጂ ለምን ያስፈልጋል?» አንዱ የጻፈው፦ «ሰው ስለሚሞት።» ግማሽ ነጥብ ሰጠሁት። ከዚያ ተመልሼ ሙሉ ሰጠሁት።

ኅዳር 17

ጠፋ።

ኅዳር 20

ሦስት ቀን አልጻፍኩም። ትክክለኛ የታሪክ ምንጭ ለመሆን ስል ብቻ እጽፋለሁ።

አሥረኛውን ሙከራ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያስገባሁት ቁጥር ከአራት ዓመት በፊት ከአቀስታ ሻንጣዬን ይዤ በዚህ ግቢ በር የገባሁበትን ቀን ነው። ለምን እሱን መረጥኩ? ማስላት ነው፤ ሳይንሳዊ ግምት። ሌላ ምክንያት የለውም።

ስህተት ሆነ። ስልኩ ጥቁር ሆነ፤ ከዚያ ከፋብሪካ እንደወጣ «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ።

ለእትዬ ነገርኳቸው። የትኛውን ቁጥር እንዳስገባሁ ጠየቁኝ። ረሳሁት አልኳቸው። ረጅም ጊዜ አዩኝና ራሴን ዳበሱኝ። «ምሳ አልበላህም» አሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 21

ፈይዛ ከደሴ ተመለሰች፤ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ወር ቆይታለች። አደባባዩ ጋ የስልክ ዕቃ መሸጫ ያላት፣ ስድስት ዓመት ጅዳ ኖራ የመጣች፣ በየመንገዱ «መምህርዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ከለከልክ?» እያለች የምታበሽቀኝ ፈይዛ። ሻንጣዋን ሳታወርድ ለለቅሶ መጣች። ሁሉንም ነገርኳት።

«ወላሂ አንተ ሰውዬ!» አለች። «ጋሽ አራጋው እኮ ሚሞሪ ካርድ ከእኔ ወስደዋል! ከስልካቸው ድምፅ ገልብጪልኝ አሉኝ፣ ገለበጥኩላቸው።»

«ሰማሽው?»

«ልከፍተው ስል እጄን መቱኝ። ‹መገልበጥ እንጂ መስማት አላስተማረንም፣ መምህሩ ይቆጣል› አሉ።»

ሦስተኛው ሕግ። ጽፈውታል። ቅጂ፣ ሌላ ቦታ፣ ሌባ የማይነካው። ቀኑን ሙሉ ፈለግን። ሳጥን፣ ፍራሽ፣ የዳዊታቸው ማኅደር፣ የጎተራው ሥር (አይጥ እንኳ ጠየቅን)። የለም።

ፈይዛ ደግሞ ሌላ ወሬ ይዛለች። የእንቁን ፎቶ ጅዳ ያለች ሱሀይላ የምትባል የአቀስታ ልጅ አይታዋለች፤ የሰብሌ ጓደኛ ናት። ለሰብሌ አልነገረቻትም። «ሽማግሌዎቹ በሚሉት ቀን እኔ አጠገቧ እሆናለሁ፣ ብቻ አታስረዝሙት» ብላለች።

ኅዳር 23

እትዬ በዛች ቁጭ ብለው እያሰቡ «ሌባ የማይነካው» አሉ። «በዚህ አገር ሌባ የማይነካው ምን አለ? በግ ይነካል። የቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ይነካል።»

«የሞት ዕቃ አይነካም» አለች ፈይዛ። «ማን ሞትን ቤቱ ይወስዳል?»

ሦስታችንም አንድ ላይ ብድግ አልን።

ወደ ዋለ ቤት ስንሮጥ አንድ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ጡሩምባውን ከግድግዳው አወረድኩት። እጄን በሰፊው አፉ አስገባሁ። ከጠበበው ጋ ሰም አለ። ሰሙ ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለች፣ ከጣቴ ጥፍር የማትበልጥ ካርድ።

ዋለ፦ «እኔ ለአሥራ ሁለት ቀን እየው ስልህ ነበር።»

አዎ። ይህንንም ጆሮዬን ደፍኜ ነው ያለፍኩት። ጣት እንኳ አላስፈለገኝም።

ኅዳር 24

ከአሥራ አራቱ ኮምፒውተሮች ከሚሠሩት አምስቱ በአንዱ ከፈትነው። እኔ፣ ፈይዛ፣ እትዬ። ሦስት ፋይሎች።

አንደኛው፦ ሳል ብቻ። ሁለተኛው፦ «ሰብሌ ልጄ» ካሉ በኋላ የእትዬ ድምፅ ከውጭ፣ «አራጋው፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» እና የእሳቸው መልስ፣ «ከመንግሥት ጋር! ውጪ ብዬሻለሁ!» እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሦስተኛው ሙሉ ነው። እንደሰማሁት እገለብጠዋለሁ፤ ደብተርም ቅጂ ነው።

«ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሰብሌ አራጋው፣ አባትሽ አራጋው ይሄነው ዐርፏል። ቀብሩ አልፏልና አትሩጪ። እናትሽ ዋሽታሽ ከሆነ ማሪያት፤ መዋሸት አታውቅም፣ ወረኢሉ ሄዷል ነው የምትልሽ። እኔ ጠግቤ ነው የሄድኩት። አልቅሺ፣ ግን ቀን ቆጥረሽ አልቅሺ፤ ከዚያ ብዪ።

ይህን የሚያሰማሽ አለምነው የሚባለው ተከራያችን ነው። ቁጥሬን ልነግረው ብለምነው ጆሮውን ደፈነብኝ። ወንድ ልጅ ቢኖረኝ እንዲህ ደረቅ ይሆን ነበር። አለምነው፣ ከሰማህ፣ ቁጥሩ ከአንድ እስከ ስድስት ነው። አንተ ይህን አታድርጉ ብለህ ስለጮህክ ማንም አይሞክረውም ብዬ ነው። ሌባም ትምህርትህን ይሰማል። በዛችን እንዳትለያት፤ ክፍልህን ለሌላ እንዳታከራይ ንገራት።»

ከዚያ የስልኩን መዝጊያ ሲፈልጉ ረጅም ጊዜ ይሰማል። «የቱ ነበር? ቀዩ?»

ከአንድ እስከ ስድስት። የቅሬው ጉባኤ፣ የበሬው መግዣ፣ የእኔ ሳይንሳዊ ግምት። ፈይዛ እያለቀሰች እስክትንበረከክ ሳቀች። የኮምፒውተሩ ክፍል አቧራ አለው፤ ለርእሰ መምህሩ አመለክታለሁ። መሐረብ ሰጠችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም፤ መመለሻ ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም።

ኅዳር 26

አርብ፣ ጎህ ሳይቀድ። ብርድ። አቶ ውበቱ፣ ዋለ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጋቢ እንደለበሱ በእትዬ ቤት ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ስልኩን ዱካ ላይ አደረግነው። ጅዳ ላይ ሱሀይላ አሠሪዎቹን ለምና ሦስት የወሎ ልጆች ይዛ ሰብሌ ክፍል ገብታለች። ሰዓቱ እዚያም እዚህም አንድ ነው፤ እዚያም ጎህ አልቀደደም። ከብበዋታል። ቤት ሆነላት።

«አብሽሪ ሰብሌ» የሚለው የሱሀይላ ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ ነው? ሱሀይላ ልቀቂኝ!»

አቶ ውበቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ብዙ የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን «ልጄ፣ አባትሽ ይናገራል» ብቻ አሉና ወደ እኔ አዩ።

ካርዷን የከተትኩበትን የእኔን ስልክ ተጫንኩት።

ስሟን ከነአባቷ ሲጠራ ጩኸቷ ተነሣ። ሴቶቹ ያዟት። እዚህ እትዬ ተነሡ። እኔ ድምፁን አላቆምኩም፤ እስኪጨርስ አይቆምም፣ እሳቸውም ቆመው አያውቁም። «ከአንድ እስከ ስድስት» ሲደርስ በልቅሶው መሐል አንድ ነገር ተሰማ። ሳቅ ነበር። የተቀደደ፣ ግን ሳቅ።

«የእኔንም ቁጥር ያወጣልኝ እሱ ነው» አለች ሰብሌ። «የእኔም ከአንድ እስከ ስድስት ነው።»

ከዚያ ገና ደህና አድርጋ አለቀሰች። እኛም። (እኛም ብያለሁ። አቧራ የለም።)

ኅዳር 29

ተዝካሩ ወጣ። ሰብሌ ሁሉንም ፋይሎች ላኩልኝ አለች፤ ሳሉንም። በተለይ ሳሉን። ላክሁላት፤ እግረ መንገዴንም ቁጥሯን እንድትቀይር አስጠነቀቅኋት። አልቀይርም አለች። አልተከራከርኩም።

እትዬ ማታ በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀመጡና «የእኔን ቁጥር ልንገርህ» አሉ። አዲሱ ስልካቸው ነው። ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ሰማኋቸው።

አሁን ቅጂው ሦስት ቦታ አለ። አንዱ ጅዳ። አንዱ የኮምፒውተር ክፍላችን ውስጥ፣ «ጎተራ» በሚል ፎልደር። ሦስተኛውን በሰም ጠቅልዬ ከነበረበት መለስኩት።

ዋለ ተቆጣ። «ጉንፋኑ ይመለሳል እኮ! ሰው ይስቅብኛል!»

«ይሳቅ» አሉ እትዬ በዛች። «ብቻህን ከምትነፋ ይሻላል።»

ኅዳር 30

ጠዋት ለአንድ ሽማግሌ ሞት ሲነፋ ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁት። እንደ በግ ተንፈቀፈቀ። ተነሣሁና ስሙን ለመስማት መስኮቱን ከፈትኩ።